የእስያ ሸራ መርከቦችን ወደ ፍሪሲቭ ስለማስገባት፦ አንድ ጥያቄና 22 መልሶች

ፍሪሲቭ እ.ኤ.አ. በ1996 በዴንማርክ ተማሪዎች እጅ የተጀመረ፣ በነጻ የሚወርድና አሮጌ ኮምፒውተር ላይ እንኳን ሳያስቸግር የሚሠራ የስትራቴጂ ጨዋታ ነው። ደንቦቹ በተራ የጽሑፍ ፋይል ስለተጻፉ ማንም ከፍቶ አዲስ ወታደር ወይም አዲስ መርከብ ሊጨምርበት ይችላል። እኔም በዚህ ክረምት የያዝኩት ሥራ ይኸው ነበር፤ መሐል ላይ ስደርስ ጥያቄዬን በመወያያ መድረካችን ላይ ለጠፍኩ። ክሩ፣ ማለትም ጥያቄውና የተከተሉት መልሶች፣ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ስለረዘመና አዲስ የሚገቡት ከላይ ጀምሮ ለማንበብ ስለተቸገሩ፣ የተባባልነውን በቅደም ተከተሉ እተርካለሁ።

በመክፈቻው ጽሑፌ ያነሳሁት ነገር ይህ ነው። የጨዋታው የሸራ ዘመን መርከቦች ትራይሪም፣ ካራቬል፣ ጋሊዮንና ፍሪጌት ናቸው። የመጀመሪያው የሜድትራንያን፣ የቀሩት የምዕራብ አውሮፓ። ቻይናን ወይም ጃቫን ይዞ የሚጫወት ሰው የፖርቱጋል ካራቬል እየሠራ ባሕር ይወጣል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ካራቬል የሕንድ ውቅያኖስን ከማየቱ በፊት ያ ውቅያኖስ ለብዙ መቶ ዓመታት የመርከብ ጎዳና ነበር። ስለዚህ አራት አዳዲስ አሃዶች አዘጋጀሁ፦ የቻይናውን ጃንክ፣ የዓረቡን ዳው፣ የኮሪያውን ኤሊ መርከብና የጃቫውን ጆንግ። ጃንክን ጥቃት 2፣ መከላከል 3፣ እርምጃ (በአንድ ዙር የሚሄደው) 4፣ ጭነት (የሚሸከማቸው አሃዶች) 5 አደረግሁት፤ ለሌሎቹም እንዲሁ ግምቴን ጻፍኩ። ከዚያ ጠየቅሁ፦ የእነዚህ መርከቦች ልዩነት በቁጥር ይገለጻል ወይስ እያንዳንዱ እንደ አሠራሩ የራሱ ደንብ ያስፈልገዋል? እኔ ሁለተኛውን እንደማምን አልደበቅሁም።

1ኛው መልስ ሰጪ በትሕትና አመስግኖኝ ነው የጀመረው። ሐሳቡ ግን ከእኔ ተቃራኒ ነበር። አዲስ ሥዕልና አዲስ ስም ከበቃ፣ በውስጥ ያለው ቁጥር የጋሊዮን ሆኖ ቢቀር ማንም እንደማይጎዳ አስረዳ፤ ሥዕሎቹን እንዳሳይም ለመነኝ።

2ኛው የሒሳብ ሰው ነበር፤ ያለ ሰላምታ ወደ ጉዳዩ ገባ። በመደበኛው ደንብ ካራቬል ጥቃቱ 2፣ መከላከሉ 1፣ ጭነቱ 3 ሲሆን ጋሊዮን ደግሞ ጥቃቱ 0፣ መከላከሉ 2፣ ጭነቱ 4 መሆኑን አስታወሰ። የእኔ ጃንክ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ስለሚበልጥ፣ እሱን የያዘ ሕዝብ ሌላ መርከብ የሚሠራበት ምክንያት አይኖረውም። በየምቱ የማሸነፍ ዕድል የአጥቂው ኃይል ለሁለቱ ድምር ሲካፈል የሚገኘው ነውና፣ ጥቃቱ 4 የሆነ ፍሪጌት ጋሊዮንን ሲመታ 4 ከ6፣ የእኔን ጃንክ ሲመታ ግን 4 ከ7 እንደሚሆን አሰላልኝ። አንድ ነጥብ ትንሽ እንዳይመስለኝም አስጠነቀቀ። ትክክል ነበር፤ ቁጥሮቼን ከፍቅር የተነሳ ነበር ያበዛኋቸው።

ክሩን ክር ያደረገው 3ኛው መልስ ነው። ጸሐፊው ስለ ቻይና መርከብ ብዙ ያነበበ መሆኑ ከአረፍተ ነገሮቹ ይታወቅ ነበር። ጭቅጭቁን ሁሉ ትቶ እ.ኤ.አ. በ1974 በቻይና ወደብ በኳንዡ አጠገብ ከደለል ውስጥ ስለወጣው የሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን መርከብ ተረከ። የተረፈው አካሉ ብቻ 24 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ሆዱ በ12 ግድግዳዎች ተከፍሎ 13 ክፍሎች አሉት። ቀርከሃ በየአንጓው እንደሚዘጋ ሁሉ፣ አንዱ ክፍል ተቀድዶ ውኃ ቢገባበት የቀሩት መርከቡን ያንሳፍፉታል። ውስጡ የተገኘውም ጭነት መዓዛማ እንጨት፣ ቁንዶ በርበሬና ዕጣን ነበር። ዕጣን! የዛፉ አገር የአፍሪካ ቀንድና የደቡብ ዓረቢያ ዳርቻ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ ልቡ ይነካል፤ የእኔ ተነክቷል።

ከዚህ ተነስቶ የሰጠው ምክር ሥራዬን ለወጠው። የጃንክ ብርታት ሳይሰበር መቅረቱ ሳይሆን ተሰብሮም መትረፉ እንደሆነ ገልጾ፣ መከላከሉን ወደ 2 አውርጄ በባሕር ላይ ሳለ ቶሎ እንዲጠገን የሚያደርግ ደንብ እንድጽፍለት ሐሳብ አቀረበ። ግድግዳው ማለት ይህ ነው፤ ቁጥር ሳይሆን ጠባይ። እኔ በአምስት አንቀጽ ልናገር የሞከርኩትን እሱ በአንድ ደንብ ተናገረው።

4ኛው ስለ ሸራው ጠየቀ፤ 3ኛው ጸሐፊ ተመልሶ በ5ኛው መልስ ሰጠ። የጃንክ ሸራ በአግዳሚ የቀርከሃ ዘንጎች የተከፋፈለ ነው። ማዕበል ሲመጣ ገመዱን ለቀቅ ሲያደርጉለት እንደ መስኮት መጋረጃ እየታጠፈ ይወርዳል፤ አንዱ ክፍል ቢቀደድም ቀዳዳው ከዘንግ ወደ ዘንግ አያልፍም። እ.ኤ.አ. በ1960 አትላንቲክን ብቻቸውን በጀልባ ለማቋረጥ ከተወዳደሩት አንዱ የሆነው እንግሊዛዊው ሃስለር ይህንኑ ዓይነት ሸራ ሰቅሎ ሁለተኛ መውጣቱንም ጨመረ። ጃንክ ከባሕር ዳርቻ መራቅ አይችልም ለሚል ሰው ደግሞ ኪይንግ የተባለው ጃንክ እ.ኤ.አ. በ1846 መጨረሻ ከሆንግ ኮንግ ተነስቶ፣ የአፍሪካን ደቡባዊ ጫፍ ዞሮ፣ በ1847 ኒው ዮርክ፣ በ1848 ለንደን መድረሱን አስታወሰ።

እስከዚህ ድረስ ሁላችንም ጨዋ ነበርን። 6ኛው መልስ ወደ ኤሊው መርከብ ሲዞር አየሩ ተለወጠ። ጸሐፊው መርከቡ በብረት የተለበጠ የዓለም የመጀመሪያው የጦር መርከብ ስለሆነ መከላከሉ ከ6 ማነስ የለበትም፤ እኔ የሰጠሁት 4 ለኮሪያ ሕዝብ ስድብ ነው ባይ ነበር። 7ኛው በዚያው ቀን መልሶ ሊያደቅቀው ተነሳ። የጃፓንን ወረራ የተዋጉት የኮሪያው አድሚራል ዪ ሱን-ሺን እ.ኤ.አ. በ1592 ለንጉሡ በጻፉት ዘገባ ከአፉ መድፍ የሚተኮስበትን የዘንዶ ራስና በጀርባው ላይ የተተከሉትን የብረት ሾሎች ይጠቅሳሉ እንጂ ስለ ብረት ልባስ አንዳች ነገር እንዳልተናገሩ ጻፈ። ሾሉ ጠላት ዘሎ እንዳይሳፈር ነው። ከዚያ አልፎ፣ 6ኛው ጸሐፊ ታሪክ የሚማረው ከጨዋታ ሥዕል መሆኑን እስከ መናገር ደረሰ። ይህ አላስፈላጊ ነበር፤ በጊዜውም ነግሬዋለሁ።

በ8ኛው መልስ የተሰደበው ሰው ባዶ እጁን አልመጣም። ከጃፓን ወገን የተጻፈ የውጊያ ትረካ መርከቦቹ በብረት ተሸፍነው እንደነበር እንደሚናገር ጠቆመ። ጠላት የፈራውን ነገር አግዝፎ ሊያይ ይችላል፤ ማስረጃነቱ ግን ዋጋ ቢስ አይደለም። 9ኛው መልስ የእኔ ነው። የሁለቱንም ማስረጃ አመስግኜ፣ ዋናውን ነገር ሁለቱም እንደሳቱት ጻፍኩ። ኤሊ መርከቦች ጥቂት ነበሩ፤ የጦሩ ጀርባ አጥንት ፓኖክሶን የተባለው ባለ ሁለት ፎቅ መርከብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1597 በምዮንግያንግ ጠባብ ወሽመጥ 13 መርከቦች ከመቶ የሚበልጡትን የጃፓን የጦር መርከቦች ሲገቱ፣ ከ13ቱ መካከል አንድም ኤሊ መርከብ አልነበረም። ያሸነፉት ወለላቸው ጠፍጣፋ ሆኖ ባሉበት ስለሚዞሩ፣ ረጅም ርቀት የሚመታ መድፍ ስለነበራቸውና አዛዡ የወሽመጡን ኃይለኛ ሞገድ ሰዓት ስለሚያውቁ ነው። ስለዚህ ኤሊውን መከላከሉን 4 ላይ ትቼ ጥልቅ ባሕር እንዳይገባ ከለከልኩት፤ ፓኖክሶንን አምስተኛ አሃድ አድርጌ ጨመርኩ። 6ኛው ጸሐፊ ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። ዕውቀቱን ስለምፈልገው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

10ኛው መልስ የመጣው ቀድሞ በኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ካገለገሉ አንድ አዛውንት ነው። ከዚያች ዕለት ጀምሮ ሁላችንም ጋሼ እያልን እንጠራቸዋለን። ምጽዋ ሳሉ በየቀኑ ያዩት የነበረውን መርከብ ዳው ብሎ የሚጠራ መርከበኛ አንድም ቀን እንዳልገጠማቸው ጻፉ። ዳው የውጭ ሰው ስም ነው፤ ባለቤቶቹ መርከብን በቅርጹ ለይተው ይጠራሉ። ኋላው በአራት ማዕዘን የተቆረጠው ሰንቡቅ ነው፤ ፊትና ኋላው የሾለው ቡም ነው። ከዚያም በወጣትነታቸው ያዩትን ተረኩ፤ ሰንቡቅ አቅጣጫ ሲለውጥ። ባለ ሦስት ማዕዘኑ ሸራ የተንጠለጠለበት ረጅም አግዳሚ ግንድ ከምሰሶው አንድ ወገን ወደ ሌላው ወገን መሻገር አለበት፤ ስለዚህ መርከበኞቹ ነፋሱን በጀርባ ተቀብለው ይዞራሉ፤ ስምንትና አሥር ሰው እየዘፈነ ገመድ ይጎትታል፤ ባሕሩ ከተናወጠ የአንዱ እግር መንሸራተት ለሁሉም አደጋ ነው። ሰንቡቅ ከነፋስ ጋር ሲሄድ ወፍ፣ ነፋስን ሲጋፈጥ ግን የደከመ በሬ እንደሆነ ነገሩን። ስሙን በዚያው ሌሊት ለወጥኩት፤ በፋይሌ ውስጥ ዳው የሚባል ነገር የለም።

11ኛው ዱባይ የሚኖር ወገናችን ነው። በከተማዋ የባሕር ሰርጥ ዳር ዛሬም እንጨት መርከቦች ማቀዝቀዣና የመኪና ጎማ ጭነው ወደ ኢራንና ወደ ሶማሊያ እንደሚነሱ፣ ሸራቸው ቀርቶ በሞተር እንደሚሄዱ ጻፈ። ዓርብ ዓርብ እዚያ ሄዶ እንደሚቀመጥ ማንበቤ ደስ አሰኘኝ።

12ኛው አጭር ግን ውድ ነበር። ጀልባ የምንለው የራሳችን ቃል የዚሁ ባሕር መርከብ ስም መሆኑን አስረዳ። መንገደኛው ኢብን ጁበይር እ.ኤ.አ. በ1183 በአፍሪካ ዳርቻ ካለው የቀይ ባሕር ወደብ ከአይዛብ ወደ ጅዳ የተሻገረው በዚህ ስም በሚጠራ መርከብ ነው፤ ጣውላዎቹ በምስማር ሳይሆን በኮኮናት ቃጫ ገመድ የተሰፉ መሆናቸውንም መዝግቧል። ከዚያም ስድስት መቶ ዓመት ቀድሞ፣ በአፄ ካሌብ ዘመን፣ የቢዛንታዩ ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒየስ በቀይ ባሕርና በሕንድ ባሕር ያሉ መርከቦች በገመድ የተሰፉ መሆናቸውን ጽፎ ነበር። ሕዝቡ ምክንያቱን ብረት ከሚስብ ዓለት ጋር ያያይዘው እንደነበርና እሱ ግን እንዳልተቀበለው ጭምር። የተሰፋ መርከብ ድንጋይ ሲነካ ይለመጣል እንጂ ወዲያው አይሰበርም። ለሰንቡቅ ኮራል ባለበት ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ የመከላከል ተጨማሪ የሰጠሁት ከዚህ የተነሳ ነው።

ከዚያ ክሩ መንገዱን ሳተ፤ ሆኖም መሳቱን አልጠላሁትም። 13ኛው ባሕር ዳር ያደገ ነው፤ የጣናን ታንኳ ለምን እንደረሳሁ ጠየቀ። 14ኛው ርእሱ እስያ መሆኑን፣ ደንገል ታስሮ የሚሠራ ታንኳም ውቅያኖስ እንደማይሻገር በቁጣ መለሰ። ቁጣው አልጠቀመውም፤ 15ኛው ኖርዌጂያዊው አሳሽ ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 ከሞሮኮ ያስነሳው ራ የተባለው መርከብ የተሠራው ከጣና በተቆረጠ ደንገል መሆኑን ጻፈ። የመጀመሪያው መንገድ ላይ ቢፈርስም፣ በ1970 የተነሳው ሁለተኛው ራ በ57 ቀን ባርቤዶስ ደረሰ። 14ኛው ጸሐፊ ስሕተቱን በአንድ መስመር አመነ፤ ይህን ያደረገ ሰው በመድረካችን ስለማይበዛ አከበርኩት። ታንኳው ግን በዚህ ሥራ ቦታ የለውም። ራሱን የቻለ ሥራ ይገባዋል።

16ኛው መልስ ከሁሉ የከበደኝ ነው። እኔ በመክፈቻው ላይ የሞንሱን ነፋስ በጨዋታው እንዲታይ እንደምፈልግ ጽፌ ነበር። ጸሐፊው ይህ ምኞት ጨዋታውን ካለማወቅ የመጣ ነው ብሎ ተነሳ፤ በሸራው ዘመን አንድ ዙር 10 ወይም 5 ዓመት ነው፤ በየስድስት ወሩ የሚለዋወጥ ነፋስ በ10 ዓመት ውስጥ ምን ትርጉም አለው? ቃላቱ ሸካራ ነበሩ፤ መልስ አጥቼ ሁለት ቀን ዝም አልኩ። እነዚህን መርከቦች ነፋሳቸውን ነጥቆ ማሳየት ወፍን በጓዳ እንደማሳየት ነው። ከኅዳር እስከ መጋቢት የሰሜን ምሥራቁ ነፋስ ከሕንድ ወደ አፍሪካ ይነዳል፤ ከሚያዝያ ጀምሮ የደቡብ ምዕራቡ ይመልሳል፤ በሰኔና በሐምሌ ግን እጅግ ስለሚበረታ በሸራው ዘመን የሕንድ ምዕራባዊ ወደቦች ይዘጉ ነበር። ነጋዴው የሚያገባበት፣ ቋንቋ የሚማርበት፣ መስጊድና ቤተ መቅደስ የሚያንጽበት ጊዜ ነፋስ የሚጠብቅበት ጊዜ ነበር።

መፍትሔው ከ17ኛው መጣ። የዓለምን ታሪክ በሙሉ ትቼ አንድ ውቅያኖስና አንድ ዘመን ብቻ የያዘ የተለየ ጨዋታ እንድሠራ፣ የቀን መቁጠሪያውንም በዓመት ሁለት ዙር እንዳደርገው መከረኝ። አንዱ ዙር በጋ፣ አንዱ ዙር ክረምት። ደንቡ መርከብ ወደ የት እንደሚሄድ ባያውቅም ዙሩ ሲጀምር የት እንደቆመ ያውቃል። ስለዚህ ባሕሩን ምሥራቅና ምዕራብ ብዬ በሁለት ስም ከፈልኩት፤ በበጋ በምሥራቁ ባሕር ያለ መርከብ፣ በክረምት ደግሞ በምዕራቡ ያለ መርከብ ተጨማሪ እርምጃ ያገኛል። ዘመኑን እ.ኤ.አ. ከ1405 እስከ 1433 አደረግሁት፤ የቻይናው የባሕር አዛዥ ዠንግ ሄ ሰባት ጊዜ የተጓዙበትን። በአምስተኛው ጉዟቸው መርከቦቻቸው ኤደንና ሞቃዲሾ ደርሰዋል።

ስማቸው ሲነሳ ጠብ መምጣቱ አልቀረም። 18ኛው «ግምጃ መርከብ» የተባለው ትልቁ መርከባቸው ከ120 ሜትር በላይ ይረዝም ስለነበር ጭነቱ 10 እንዲሆን ጠየቀ። 19ኛው ይህ ቁጥር የመጣው 44 ጃንግ (የቻይና የርዝመት መለኪያ) ከሚለው የኋለኛ ጽሑፍ መሆኑን፣ እንጨት በዚያ ርዝመት በማዕበል ላይ እንደሚለመጥና እንደሚላቀቅ፣ ብዙ የመርከብ አጥኚዎችም እንደማይቀበሉት መለሰ። 18ኛው እ.ኤ.አ. በ1957 በናንጂንግ የመርከብ መሥሪያ የተገኘውን 11 ሜትር የሚረዝም የመሪ ግንድ ጠቀሰ፤ ይህን ግንድ ሁለቱም ወገን ለራሱ ይቆጥረዋል። እኔ ጭነቱን 6 ላይ አቆምኩ። በመጀመሪያው ጉዞ ወደ 28,000 የሚጠጋ ሰው መንቀሳቀሱን የሚያህል ድንቅ ነገር እያለ፣ የመርከቡን ርዝመት ማጋነን ለእሳቸው ክብር አይጨምርም።

20ኛው ጆንግን ረስታችሁታል ብሎ በተገቢ ቅሬታ መጣ። ጃንክ የሚለው የአውሮፓውያን ቃል ራሱ ከማላይና ከጃቫ ጆንግ መወሰዱን፣ ሁለቱ መርከቦች ግን እንደሚለያዩ አስረዳ። ጆንግ በብረት ምስማር ሳይሆን በእንጨት ችካል የተያያዘ ነው፤ መሪዎቹ ሁለት ሆነው በጎንና በጎን ይንጠለጠላሉ፤ አካሉ በድርብርብ ጣውላ ይወፍራል። እ.ኤ.አ. በ1513 የጃቫው መሪ ፓቲ ኡኑስ የማላካን ወደብ ከፖርቱጋሎች ለማስለቀቅ ሲመጣ የፖርቱጋል መድፍ የትልቁን ጆንግ ጎን መብሳት አቅቶት ነበር። ለእሱ መከላከል 4 ተገቢ ነው፤ ዝግተኛ ስለነበር ግን እርምጃውን ወደ 2 ዝቅ አደረግሁ። 21ኛውን የጻፈው ያው የ2ኛው መልስ የሒሳብ ሰው ነበር፤ አዲሶቹን ቁጥሮች ሁሉ አስልቶ ሚዛናቸው እንደተስተካከለ መሰከረ። እስካሁን ካገኘሁት ምስጋና ሁሉ ይህ ደረቅ ዓረፍተ ነገር ይበልጥብኛል።

22ኛው የጋሼ ነው። ጨዋታውን ከልጅ ልጃቸው ጋር ከፍተው ከኤደን በሰንቡቅ ተነስተዋል። ሁለት ነገር አላገኙም። አንደኛ፣ በካርታዬ ላይ ምጽዋና ዳህላክ የሉም። ሁለተኛ፣ ቀይ ባሕርን ከምዕራቡ ባሕር ጋር አንድ አድርጌዋለሁ፤ ይህ ስሕተት ነው። በደቡባዊው ቀይ ባሕር በበጋ ነፋሱ በባብ ኤል መንደብ በኩል ከደቡብ ምሥራቅ ወደ ውስጥ ይገባል፤ በክረምት ከሰሜን ምዕራብ ወደ ውጭ ይነፍሳል፤ ወደ ሰሜን ከራቁ ግን ዓመቱን ሙሉ የሰሜን ነፋስ ፊት ለፊት ይገጥማል። ከሕንድ የመጣ የሸራ መርከብ ጭነቱን ደቡብ ላይ አራግፎ ይመለስ የነበረው ለዚህ ነው ብለው አስረድተዋል። የልጅ ልጃቸውም ሰንቡቁ ምጽዋ ሳይደርስ ዙሩ እንዳያልቅ ፈርታ ነበር።

ቀይ ባሕርን ሦስተኛ ባሕር አድርጌ፣ ሁለቱን ወደቦች በቦታቸው አስገብቼ፣ አዲሱን ፋይል ትናንት ማታ ለጥፌዋለሁ።